ከበሮው አለ፣ ጸናጽሉ የለም

በቤታችን ስለ ወጥ የምትፈርደው እናቴ፣ ስለ ድምፅ የሚፈርደው አባቴ ነበር። ይኸን ክፍፍል የደነገገው ሰው የለም፤ ግን ተጥሶም አያውቅም።

አባቴ መሪጌታ ነው። ጎንደር ውስጥ በሰፈራችን ደብር ማኅሌት ይመራል፤ በአዘቦት ቀን ደግሞ ለተማሪዎች አቋቋም፣ የማኅሌቱን ዜማና ሥርዓት፣ ያስተምራል። እንዲህ ያለ ሰው ቤት አንድ ትልቅ አምፕሊፋየርና የሰው ወገብ የሚደርሱ ሁለት የእንጨት ስፒከሮች ይኖራሉ ብሎ የሚጠብቅ የለም። ወደ አዲስ አበባ ከሚዛወር አንድ ሐኪም የገዛቸው እኔ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ነው። በጋሪ ተጭነው ሲመጡ የሰፈሩ ልጆች መሪጌታ ሙዚቃ ቤት ሊከፍቱ ነው እያሉ እስከ በራችን አጅበዋቸው ነበር። እናቴም ሙሽራ የሚገባ ይመስል ቤቱን ደጋግሞ እንዳስጠረጋት ለጎረቤት ስታወራ ከርማለች።

ሙዚቃ ግን አልተከፈተባቸውም። የሚሰማባቸው ማኅሌት ነበር፤ አባቴ ራሱ በየበዓሉ በቴፕ የቀዳው፣ ኋላም እኔ ወደ ፍላሽ ያዛወርኩለት። እሑድ ከቅዳሴ ተመልሶ ምሳውን ከበላ በኋላ በርጩማውን ከሁለቱም ስፒከሮች እኩል አርቆ ያስቀምጣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ በየመካከሉም እየተነሳ ማዞሪያዎቹን በጣቱ ጫፍ ይነካካል። ማዞሪያዎቹ ሦስት ናቸው፤ አንዱ ለወፍራም ድምፅ፣ አንዱ ለመካከለኛው፣ አንዱ ለቀጭኑ። በላያቸው የተጻፈው እንግሊዝኛ ለአባቴ ምኑም አልነበረም። ለእሱ የመጀመሪያው ከበሮ፣ ሁለተኛው ሰው፣ ሦስተኛው ጸናጽል ይባላል። "እስቲ ሰውየውን ትንሽ አቅርቢው" ሲለኝ መካከለኛውን አዞርለታለሁ።

ድምፅ እንደ ኩታ ነው ይል ነበር። ከበሮው ድሩ ነው፤ ተወጥሮ ሁሉን ይይዛል። ጸናጽሉ ማጉ ነው፤ በድሩ መካከል እየገባና እየወጣ ጨርቅ ያደርገዋል። ማጉ ሲሳሳ ኩታው ወንፊት ይሆናል፤ ሲበዛ ደግሞ ገላ ይፍቃል። የሰው ድምፅ ጥለቱ ነው፤ ዓይን የሚያየው እሱን ቢሆንም ያለ ድርና ማግ የሚቆምበት የለውም። ይኸን ሲያስተምረኝ የሚጠቀምበት ቃል "ዳብሽው" የሚል ነበር። "በጆሮሽ ዳብሽው። ይሻክራል ወይስ ይለሰልሳል?" እንግዳ ፊት ቃል የማይወጣኝ ልጅ ለዚህ ጥያቄ መልስ አላጣም ነበር። ይሻክራል እለዋለሁ፤ ወይም ይለሰልሳል፣ ግን ጥርሱ ወልቋል። በዚህ ይስቃል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፊዚክስ ስማር መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሞገድ ሲስል እኔ የማየው የአባቴን ኩታ ነበር። አሁን እዚያው ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ እሠራለሁ። ድምፄ ቀጭንና ዝቅ ያለ ስለሆነ ከኋላ የሚቀመጡት ተማሪዎች አልሰማንም እያሉ ያስቸግሩኛል።

ነገሩ የጀመረው ካቻምና ክረምት ላይ ነው። አንድ እሑድ አባቴ ዓይኑን ከፈተና ስፒከሮቹን በጥርጣሬ ተመለከተ።

"ይኸ ነገር ደፈነ" አለ። "ከበሮው አለ፣ ጸናጽሉ የለም።"

ለእኔ ጸናጽሉ በቦታው ነበር። አባቴ ስለ ድምፅ የሚለው ግን ተሳስቶ ስለማያውቅ፣ የተሳሳተው የእኔ ጆሮ መስሎኝ ዝም አልኩ። ጥፋተኛ ፍለጋው ከዚያ ቀጠለ። በመጀመሪያ የተከሰሰው የእናቴ ዳንቴል ነው። እናቴ ዳንቴል ያላለበሰችው ዕቃ ቤታችን ውስጥ የለም። ቴሌቪዥኑ አለው፣ ማቀዝቀዣው አለው፣ ስፒከሮቹም አንድ ክረምት ሙሉ ተቀምጣ የሠራችላቸው ከአናታቸው እስከ ደረታቸው የሚወርድ ነጭ ዳንቴል ነበራቸው። ክሩ ወፍራም ስለሆነ ቀጭን ድምፅ ይውጣል። ይኸን አውቅ ነበር፤ ግን እሷ ፊት ማን ደፍሮ ይናገራል።

አባቴ ደፈረ። መጎናጸፊያው አፋቸውን ይዟቸዋል አላት። እናቴም ወጥ እያማሰለች ሳትዞር "ስንት ዘመን በዳንቴል ሲዘምሩ ኖረው ዛሬ ነው አፋቸው የተያዘ?" አለችው። ከዚያ በኋላ ግን መጥታ ሁለቱንም አነሳች፣ አራገፈች፣ አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተቻቸው። ቀኑን ሙሉ አላናገረችንም።

ዳንቴሉ ሲነሳ ቤቱ ተለወጠ። ጸናጽሉ ቆርቆሮ ላይ እንደሚጀምር ካፊያ ጥርት ብሎ ወረደ። እናቴ እንኳ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየች። አባቴ ግን ራሱን ነቀነቀ፤ ምንም አልተለወጠም አለ። መብራቱ ኃይል አንሶት ይሆናል ተባለ። ስቴብላይዘር ተገዛ። አሁንም ጸናጽል የለም።

በመጨረሻ ፒያሳ አካባቢ የሚሠራ ራዲዮ ሠሪ ቤታችን ድረስ ተጠራ። ራዲዮ ሠሪው ቀልደኛ ሰው ነው። ስፒከሮቹን ከፍቶ፣ ሽቦውን መርምሮ፣ ቀጭን ድምፅ የምታወጣዋን ትንሿን ስፒከር ጆሮው ላይ ደቅኖ ካዳመጠ በኋላ "የኔታ፣ ይቺ ከእኔም ከእርስዎም ትሻላለች፤ ገና ኮረዳ ናት" አለ።

"ኮረዳ ከሆነች ምነው ድምጿ አይወጣ?" አለው አባቴ።

ራዲዮ ሠሪው ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። ምናልባት ያን ጊዜ ሁለታችንም ገብቶን ይሆናል፤ እኔ ግን የገባኝን ነገር ላለማወቅ ብዙ ጥሬያለሁ። ሰውየው አልተከራከረም፤ ትንሿን ስፒከር በሌላ ቀየራት። አባቴ አዳምጦ ትንሽ ይሻላል አለ። ለሰውየው ድካም ብሎ እንደሆነ ያወቅሁት እንግዳው ከበር እንደወጣ ተነስቶ የጸናጽሉን ማዞሪያ ወደ ቀኝ ሲያዞረው ነው።

ከዚያ ወዲያ ያ ማዞሪያ ተመልሶ አልመጣም። በፊት ከመካከል ፈቀቅ የማይለው ቀስ በቀስ ወደ ቀኝ ተጓዘ። ኅዳር ላይ የቃሉ ጫፍ መሾል ጀመረ፤ ሰ እና ጸ ያለበት ቃል ሁሉ ያፏጫል። ከጥምቀት በኋላ ጸናጽሉ ምስማር ሆነ። አባቴ ግን በርጩማው ላይ ተቀምጦ አሁንም አንገቱን ወደፊት አስግጎ ይፈልገዋል። እናቴ በማዳመጫው ሰዓት ነጠላዋን ከጆሮዋ በላይ አጥብቃ መጠምጠም አመጣች። ብርድ ነው ትላለች። ሚያዝያ ገብቶ ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ እንኳ ብርድ ነው ትል ነበር።

በእነዚያው ወራት አባቴ ከእኔ ጋር ያለው ነገርም ተበላሸ። ጮክ በይ ይለኝ ጀመር። አፍሽን ከፍተሽ ተናገሪ፣ ሰው አይበላሽም ይለኛል። መምህሮቼ፣ ዘመዶቼ፣ አለቃዬ ሁሉ ይኸን ብለውኛል፤ አባቴ ግን ብሎኝ አያውቅም ነበር። ያደገው ኮሶዬ አካባቢ ነው። እዚያ ሰው ከገደል ማዶ ሆኖ ይጠራራል፤ እሱም በልጅነቱ የሚጣራው ማን እንደሆነ ስሙን ሳይሰማ በድምፁ ብቻ ይለይ እንደነበር ያወራልናል። እኔንም ትንሽ ሳለሁ ደጅ ከሚንጫጩት ልጆች መካከል፣ ከሁሉ ዝቅ ያልኩትን፣ ለይቶ ይሰማኝ ነበር። አሁን አጠገቡ ተቀምጬ ስናገር ፊቱን ያኮሳትራል። ዓይን አፋርነቴ በመጨረሻ እሱንም ያሰለቸው መሰለኝ። ስለዚህ ይበልጥ ዝም አልኩ። ምሳ አቅርቤለት፣ ውሃ አስታጥቤው፣ ሳልናገር የምወጣበት ቀን በዛ። እሱም ቆይቶ ቆይቶ እናቴን "ይቺን ልጅ ምን አስቀየምናት?" ብሎ እንደጠየቃት የሰማሁት በኋላ ነው።

የደብራችን ዓመታዊ በዓል ደረሰ። ንጋት ላይ ከእናቴ ጋር ሄጄ በሴቶች በኩል ቆምኩ። ወረቡ ሲጀመር ከበሮው በዝግታ ተነሳ፤ መሪጌቶቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው ጸናጽላቸውን አነሱ። ያ ሁሉ ጸናጽል አንድ ላይ ሲወዛወዝ አንድ ነገር ነው። የማን እንደሆነ አይለይም፤ ውበቱም አለመለየቱ ነው። በዚያ ዓመት ግን አንዱ ተለየ። ከሌሎቹ ጠንክሮ፣ ሾሎ፣ ከጨርቁ እንደወጣ ክር ብቻውን ይጮኻል። ማየት አላስፈለገኝም። ቤታችን ወደ ቀኝ የሄደው ማዞሪያ እዚያም በመሪጌቶቹ መካከል ቆሞ ነበር። አባቴ የገዛ ጸናጽሉ ስላልተሰማው እስኪሰማው ድረስ እየነቀነቀው ነው። እናቴን አየኋት። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትጸልይ ይሁን ሌላ አላወቅሁም።

ከበዓሉ በኋላ የአባቴ የቅርብ ጓደኛ፣ ማኅሌት ላይ ከጎኑ የሚቆመው ሌላ መሪጌታ፣ ቤታችን ጠላ ሊጠጣ መጣ። ሁለተኛውን ብርጭቆ እንደያዘ መቀለድ ጀመረ።

"ምነው ወዳጄ፣ ዘንድሮ የበቅሎ ቃጭል ነው እንዴ የጨበጥከው? አጠገብህ የቆምን ሰዎች ጆሯችን ሊፈርስ ነበር።"

"አንተ እንደ በቅሎ ቆመህ ስለምትተኛ ላነቃህ ብዬ ነው" አለ አባቴ።

ሁለቱም ሳቁ። እንግዳው ከሄደ በኋላ ግን አባቴ ጸናጽሉን ከተሰቀለበት አወረደ። ጆሮው አጠገብ አድርጎ ነቀነቀው። ስሱን ብረት በጣቱ ገፋ አደረገ፣ አቧራ የያዘው ይመስል እፍ አለበት፣ እንደገና ነቀነቀው። ከዚያ መልሶ ሰቀለው። እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር፤ አላየኝም።

ፊት ለፊት ልነግረው አልቻልኩም። የቻልኩት ስፒከሮቹን ልፈትሻቸው ማለት ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኬን ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘሁ። ስልኩ ላይ አንድ ወጥ ድምፅ የሚያወጣ መተግበሪያ አለ፤ ቤተ ሙከራ ውስጥም እንጠቀምበታለን፤ ከወፍራም ጀምሮ እስከ ቀጭን እንደፈለጉ ያነሱታል። አባቴን ጨዋታው ደስ አለው። በርጩማው ላይ ተመቻችቶ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ወፍራሙን ስለቅ "ይኸ ከበሮ ነው" አለ። ከፍ ሳደርገው "ይኸ ሰውየው ነው፤ ጎረምሳ" አለ። ሌላ ጨመርኩ። "ይኸ ደግሞ ሴት ናት።" ራሱን እየነቀነቀ ይስቅ ነበር።

የሚቀጥለውን ለቀቅሁት። ቀጭን፣ ረጅም፣ እንደ መርፌ ያለ ድምፅ ቤቱን ሞላው። እናቴ የምትለቅመውን ምስር ትታ ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች። አባቴ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ ፊቱ ላይ ያው ፈገግታ፣ ቀና ብሎ ተቀምጧል።

"ጀምሪዋ" አለኝ። "እየጠበቅሁሽ እኮ ነው።"

ድምፁ እየጮኸ ነበር። ማጥፋት ነበረብኝ፤ ግን አላጠፋሁትም። ቆየት ብሎ ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ያየው እናቴን ነው፣ እጇ ጆሮዋ ላይ እንዳለ። ከዚያ ስፒከሮቹን አየ። ከዚያ እኔን። አጠፋሁት።

"ጸናጽሉ እዚህ ላይ ነው?" አለ።

አዎ አልኩት። አልሰማኝ ይሆናል፤ አንገቴን መነቅነቄን ግን አየ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ "ዳንቴልሽን በከንቱ አማሁት" አላት። እናቴ ምስሩን ማንሳት ፈለገች፤ ከእጇ ወደቀ። አንዱም ከመሬት አልተለቀመም።

የሄድንበት የጆሮ ሐኪም ደግ ሰው ነበር። ነርቭ ነው፣ የሄደው አይመለስም አለን። ዕድሜ አለበት፣ ዘመኑን ሙሉ ከከበሮ አጠገብ መቆሙም ሳይኖርበት አይቀርም አለ። አባቴም፣ ጆሮዬን የወሰደውስ ከበሮ ከሆነ ሸጋ ነው፣ ባለቤቱ ነው ብሎ ቀለደ። የማዳመጫ መሣሪያም ሞከረ። ጆሮው ላይ ሲደረግለት ሰው ሁሉ ጣሳ ውስጥ ገብቶ የሚያናግረው መሰለው። ድሩ ሌላ፣ ማጉ ሌላ ሆነብኝ አለ። ለንግግር እንደሚጠቅመው ስለመከሩት አልተወውም፤ ሰው ሲመጣ ያደርገዋል። ለማኅሌት ግን አላደርገውም ብሏል።

ቤት ስንመለስ እናቴ ማዞሪያው ጥግ እንደያዘ ይቆይ አለች። እኔን ምን ይለኛል፣ ነጠላ አለኝ አለች፤ ያ የሚያዝያ ብርድ ምን እንደነበር ለአባቴ ያን ጊዜ ገባው። ልቡ የተነካው በሐኪሙ ሳይሆን በዚህ ይመስለኛል። በሚቀጥለው እሑድ ጠራኝና መካከሉ የት እንደሆነ ጠየቀኝ። "ለሚሰማ ሰው የሚሆነውን አድርጊው" አለኝ። አይሆንም አልኩት፤ አይሆንም እንዳልኩት ከፊቴ አነበበ። "የተበላሸ ኩታ ለብሼ ከምደሰት ሸጋውን እናንተ ስትለብሱ ባይ ይሻለኛል" አለ።

ስለዚህ አደረግሁት። ስፒከሮቹን ከግድግዳው ትንሽ ሳብ አደረግኋቸው፣ ከበሮውን ቀነስኩ፣ ጸናጽሉን ወደ መካከል መለስኩት። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ያን የመሰለ ድምፅ ከእነሱ ወጥቶ አያውቅም። ከበሮው ሳይጎተት ይወርዳል፤ ድምፁ ውስጥ የሽማግሌውና የወጣቱ ጉሮሮ ይለያል፤ ጸናጽሉ በላዩ ይነሰነሳል። እናቴ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አወረደችው። አባቴ መካከላችን ተቀምጦ ለእሱ ባዶ የሆነውን ቦታ አዳመጠ። አልፎ አልፎ "አሁን ገባ?" ይላል፤ ገባ ብዬ አንገቴን እነቀንቃለሁ። አንድም ጊዜ አልሳተም። የት እንደሚገባ ከማንም በላይ ያውቃልና።

ዘንድሮ በዓሉ ሲደርስ አባቴ ይቀራል ብለን ፈርተን ነበር። አልቀረም። ካባውን ለብሶ፣ ሻሹን ጠምጥሞ በቦታው ቆመ። ወረቡ ሲነሳ እሱም ጸናጽሉን ከሌሎቹ ጋር አነሳ። ዓይኔን ጨፍኜ ፈለግሁት። ሌሎቹ አንድ ላይ ይወዛወዛሉ፤ ከመካከላቸው የወጣ የለም። ዓይኔን ገልጬ እጁን አየሁ። እጁ ከሁሉም እኩል ይሄድና ይመለሳል፤ ግን እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን እንደያዘ ሰው ነው። ብረቶቹ አይነካኩም። የሚሰማ ሰው እንዳይረበሽ ብሎ ለእሱ የማይሰማውን ጸናጽል ዝም አሰኝቶታል። አጠገቡ የቆመው ጓደኛው ወደ እሱ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ፊቱን ወደፊት መለሰ፤ በዚያ ቀንም ከዚያም በኋላ አልቀለደም።

ሲያልቅ እናቴ ለድግሱ ቀድማ ስለሄደች ከአባቴ ጋር ወደ ቤት የወረድኩት እኔ ነኝ። መንገዱ ነጭ በለበሰ ሰው ተሞልቷል፤ ከተማሪዎቼም አንዳንዶቹ ነበሩ። የማዳመጫ መሣሪያውን አላደረገውም። ጥቂት ከሄድን በኋላ ቆመና ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

"ከሌሎቹ ወጣብኝ?"

አልወጣም አልኩት። አልሰማኝም። እንደገና አልኩት። እጁን ጆሮው ላይ አደረገ፤ ሰው እየዞረ ያየናል። አንገት ብነቀንቅ ምን እንደማለት እንደሆነ ስለማይታወቅ በቃል መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼ፣ በመንገድ ላይ በሕይወቴ ተናግሬ በማላውቀው ድምፅ፣ አልወጣም አባባ፣ ከሁሉም ጋር አንድ ነበር አልኩት። አንዲት አሮጊት ደንግጠው አማተቡ።

አባቴ ሰማ።

"ደግ" አለ። "እሱን ነው የፈለግሁት።"

እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ኮብልስቶኑን ወረድን። የመቋሚያው ጫፍ ድንጋዩን ሲነካ እየሰማሁት እከተለው ነበር። እሱ ይስማው አይስማው አልጠየቅሁትም።